የዒልም መንገደኛ ሲጠፋ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ልጃቸውን ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር የሚልኩ አባትና እናት ሁለት ፍርሃት አለባቸው። የመጀመሪያው ልጁ በማያውቀው ከተማ መንገድ ጠፍቶት እንዳይቀር ነው። ሁለተኛው መንገዱን አግኝቶ ራሱ እንዳይጠፋባቸው ነው። በቋንቋችን ለሁለቱም የምንጠቀመው አንድ ቃል ነው፤ «ጠፋ» እንላለን። ከዚህም አልፈን ብዙ ጊዜ ያላየነውን ወዳጅ ስናገኝ «ምነው ጠፋህ?» ብለን እንጠይቀዋለን። እርሱ መንገድ አልጠፋበትም፤ ቤቱን አልሳተም። ከዓይናችን ራቀ፤ እኛም አጣነው። እንግዲህ ይህችን አነጋገር ልብ በሉልን። «ምነው ጠፋህ?» የሚለው ሰው ያለው ሁሉ ገና አልጠፋም። የጠፋው ይህን የሚለው ሰው የሌለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከአገራችን ወጥተው ዒልም ፍለጋ ባሕር የተሻገሩ ደረሶች፣ በባዕድ ከተማ እንዳይጠፉ ምን እንደያዛቸው በታሪክ ውስጥ እንመለከታለን። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እዚህ እኛ ባለንበት በሐዋሳ ቡሹሎም፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ዛሬ ሻንጣ የሚያዘጋጁ ልጆችና ማታ እንቅልፍ የሚያጡ ወላጆች አሉና።

ሙሳ (ዐ.ሰ.) ቦታውን ያለፉበት ጉዞ

ለዒልም ስለሚደረግ ጉዞ የሚናገር ሰው በመጀመሪያ የነቢዩላህ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ማንሳት ይገባዋል። ታሪኩ በሱረቱ-ል-ከህፍ ተነግሯል፤ በሰሒሕ ሐዲሥም ተብራርቷል። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከእርሳቸው ዘንድ የሌለ ዕውቀት የተሰጠው አንድ የአላህ ባሪያ ሁለቱ ባሕሮች በሚገናኙበት ቦታ እንዳለ ተነገራቸው። ዓሣ እንዲይዙና ዓሣው በሚጠፋበት ቦታ ሰውየውን እንደሚያገኙት ምልክት ተሰጣቸው። እርሳቸውም ወጣቱን ዩሻዕ ኢብኑ ኑንን አስከትለው ተነሡ።

ከአለቱ ዘንድ ደርሰው ሲያርፉ ዓሣው ወደ ባሕር ገባ። ወጣቱ ይህን መናገር ረሳ። ሁለቱም ተነሥተው የቀረውን ቀንና ሌሊት ተጓዙ። ቦታውን አልፈውት ሄዱ ማለት ነው። በነጋታው ሙሳ (ዐ.ሰ.) ምሳ እንዲቀርብ ሲጠይቁ በጉዞው መድከማቸውን ተናገሩ። ያን ጊዜ ወጣቱ የዓሣው ነገር ትዝ አለውና መርሳቱን ሳይደብቅ ነገራቸው። እርሳቸውም አልተቆጡትም። ይልቁንም የሚፈልጉት ይኸው እንደነበር ገለጹለት። ሁለቱም የእግራቸውን ፈለግ እየተከተሉ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ሰውየውንም አገኙት።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ነገር እንረዳለን። ለእኛ ጉዳይ ግን አራቱ ይበቃሉ። አንደኛ፣ ታላቁ ነቢይ እንኳ ለዒልም ሲወጡ ብቻቸውን አልወጡም። ሁለተኛ፣ ሐዲሡ እንደሚነግረን ድካሙ የተሰማቸው ትክክለኛውን ቦታ ካለፉ በኋላ ነው። ሦስተኛ፣ ማለፋቸውን ሲያውቁ አቋራጭ አልፈለጉም፤ በመጡበት ፈለግ ተመለሱ። አራተኛ፣ ወጣቱ እውነቱን ለመናገር አልፈራም፤ ምክንያቱም የሚሰማው ሰው አብሮት ነበር። መንገድ መሳት በነቢያት ጉዞ ውስጥ እንኳ ያጋጠመ ነገር ስለሆነ ውርደት አይደለም። ትልቁ ነገር ስንስት የምንነግረው ሰው መኖሩ ነው።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ብቻውን፣ በተለይም በሌሊት እንዳይጓዝ አስጠንቅቀዋል። ሦስት ሆነው የሚጓዙም ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ አዘዋል። ይህ ትእዛዝ ለንግድም ለሐጅም የሚሠራ ነው፤ ለተማሪ ግን ከሁሉ በላይ ያስፈልገዋል። ተማሪ ወጣት ነውና፤ የማየት ጉጉቱም ብዙ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። በብዙዎች አንደበት «ዒልምን ቻይና ድረስ ሄዳችሁም ቢሆን ፈልጉ» የሚል ንግግር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲሥ ነው እየተባለ ይጠቀሳል። የሐዲሥ ሊቃውንት ግን ይህን ሰሒሕ አላደረጉትም። ለዒልም መጓዝን ለማወደስ ወደ ደካማ ወሬ መሄድ አያስፈልገንም። ሶሐባው ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) አንድ ሐዲሥ ብቻ ከሰማው ሰው አፍ ለመስማት ግመል ገዝተው ከመዲና ወደ ሻም አንድ ወር ተጉዘዋል። ሐዲሡን ከዐብዱላህ ኢብኑ ኡነይስ (ረ.ዐ.) ሰምተዋል። ይህ ለእኛ በቂ ማስረጃ ነው።

የዘይላዕ ልጆች በካይሮ

አሁን ወደ አገራችን ሰዎች እንምጣ። በጥንት ዘመን ከምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ ወደ ዐረብ አገሮች የሚሄዱ ሙስሊሞች በሁለት ስም ይታወቁ ነበር። አንዱ «ዘይለዒ» የሚል ሲሆን፣ መነሻውም የባሕር በር የነበረችው ዘይላዕ ናት። ሁለተኛው «ጀበርቲ» የሚለው ነው። ከመሐል አገር የመጣው ብዙ ሰው በዘይላዕ ወጥቶ ስለሚሄድ፣ ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ በወደቡ ስም ጠሩት።

በሂጅራ 705 (እ.ኤ.አ. 1305/6) ዑሥማን ኢብኑ ዐሊይ አዝ-ዘይለዒ የሚባሉ ዐሊም ካይሮ ገቡ። ፈኽሩዲን በሚለው ማዕረጋቸው ይታወቃሉ። በዚያች ከተማ አስተማሩ፣ ፈትዋ ሰጡ፣ የሐነፊ መዝሀብን ፊቅህ አስፋፉ። «ከንዙ-ድ-ደቃኢቅ» ለሚባለው ኪታብ የጻፉት «ተብዪኑ-ል-ሐቃኢቅ» የተባለ ሸርሕ እስከ ዛሬ ድረስ በሐነፊዮች ዘንድ ይጠቀሳል። በሂጅራ 743 (እ.ኤ.አ. 1343) አረፉ።

ከእርሳቸው ቀጥሎ ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒ ተነሡ። እኒህ ደግሞ የሐዲሥ ሰው ነበሩ። «ነስቡ-ር-ራያ» በተባለው ሥራቸው «አል-ሂዳያ» በሚባለው የፊቅህ ኪታብ ውስጥ የሚገኙትን ሐዲሦች አንድ በአንድ እየተከታተሉ ምንጫቸውንና ደረጃቸውን ገልጸዋል። በሂጅራ 762 ካይሮ ውስጥ አረፉ። የሚገርመው ነገር፣ በዚያው ዘመን የነበሩት ታላቁ የሐዲሥ ሊቅ ዘይኑዲን አል-ዒራቂ «ኢሕያኡ ዑሉሚዲን» ውስጥ ያሉትን ሐዲሦች ሲመረምሩ፣ እርሳቸውና ዘይለዒ አብረው ኪታብ ያገላብጡና ይረዳዱ ነበር። አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኝለታል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያለው እንግዳ እንዴት ይጠፋል?

በዚሁ ክፍለ ዘመን በመጀመሪያው አጋማሽ ሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ የተባሉ ሌላ ሰው ካይሮ ነበሩ። ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ፈድሊላህ አል-ዑመሪ ስለ ሐበሻ ሙስሊሞች የጻፈውን ከእርሳቸውና ከባልደረቦቻቸው ሰምቶ ነው። ሰባቱን የሙስሊም ግዛቶች፣ ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ አራባብኒን፣ ሐድያን፣ ሸርኻን፣ ባሌንና ዳራን በስም የዘረዘረው በዚህ መንገድ ነው። ሐድያና ባሌ ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች ጎረቤት ናቸው። ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የእነዚህ አገሮች ስም፣ የሰዉ አኗኗርና የገበያው ነገር በካይሮ የተጻፈው እንግዶች አገራቸውን ሳይረሱ ስለተናገሩ ነው። ከአገር የወጣ ሰው አገሩን በአፉ ይዞ ከሄደ፣ አገሩም አብራው ትታወቃለች።

ሪዋቅ ምን ነበር?

አል-አዝሀር መስጊድ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ970 እስከ 972 ባሉት ዓመታት ነው። እየቆየ ከዓለም ዙሪያ ተማሪ የሚጎርፍበት የዒልም ቤት ሆነ። በዙሪያው ገበያና ጠባብ መንገድ በዛ፤ ከጎኑ ያለው ኻን አል-ኸሊሊ የተባለው ገበያ ብቻ አዲስ ሰውን የሚያዞር ነው። ከባሕር ወይም ከበረሃ ተነሥቶ የመጣ ወጣት ከሱብሒ በኋላ ከተማውን ልይ ብሎ ቢወጣ፣ ቋንቋው ለንግግር ሳይሆን ለኪታብ የለመደው ዐረብኛ ሲሆን፣ ሁሉም በር አንድ ዓይነት መስሎ ይታየዋል። «ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ» የሚባለው ይህ ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው ሪዋቅ ነው። ሪዋቅ ማለት በመስጊዱ አምዶች መካከልና ዳር የተከለለ የተማሪዎች ክፍል ነው። ለመግሪብ ሰዎች፣ ለሻሞች፣ ለቱርኮችና ለሌሎችም የየራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። ከዘይላዕ፣ ከሐበሻና ከአካባቢው የሚመጡ ተማሪዎች ደግሞ «ሪዋቁ-ል-ጀበርት» የሚባል ነበራቸው። ሪዋቁ የራሱ ሸይኽ አለው። ወቅፍ አለው። ለተማሪው ዳቦ ይሰፈርለታል። መኝታና ኪታብ ያገኛል። ከሁሉ በላይ ግን ስሙ የሚታወቅበት ቦታ ያገኛል። ዛሬ ያልመጣው ማን ነው? የታመመው ማን ነው? ከትናንት ጀምሮ ያልታየው ማን ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሸይኽ ያለው ቤት ነው።

ስሙም ራሱ አድራሻ ነበር። አንድ ሰው «አል-ጀበርቲ ነኝ» ሲል ከየት እንደመጣ መናገሩ ብቻ አይደለም፤ ወደ የት ሊመለስ እንደሚገባም መናገሩ ነው። መንገድ የጠፋው ወጣት ይህን ስም ከተናገረ የት እንደሚያደርሱት ለማወቅ ለአል-አዝሀር አካባቢ ሰዎች አያስቸግርም። እኛ ኒስባን ብዙውን ጊዜ እንደ ማዕረግ እናየዋለን። ለተጓዡ ግን እንደ ቤት ቁልፍ ነበር።

ከሪዋቁ የወጣ ቤተሰብ

የዚህን ቤት ፍሬ ለማየት አንድ ቤተሰብ እንመልከት። በዐሥረኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ዐብዱረሕማን የሚባሉ ሰው ከጀበርት አገር ተነሡ። በባሕር ጅዳ ገቡ። መካ ተቀመጡ፣ ሐጅ አደረጉ፣ መዲናም ኖሩ። ከዚያም ወደ ካይሮ መጥተው የጀበርት ሪዋቅ ገቡ፤ ተምረውም የሪዋቁ ሸይኽ ሆኑ። ይህም ኃላፊነት በልጅ ልጆቻቸው ዘንድ ቀጠለ።

ከዘራቸው ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ በሂጅራ 1110 (እ.ኤ.አ. 1698/99) ተወለዱ። አባታቸው ገና ሕፃን ሳሉ ስለሞቱ ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። ይህ የቲም ልጅ አድጎ በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክ፣ በሰዓት አቆጣጠርና በቂብላ አወጣጥ በዘመኑ የተጠቀሰ ዐሊም ሆነ። በሂጅራ 1159 (እ.ኤ.አ. 1746) ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ጂኦሜትሪ ከእርሳቸው ተምረዋል። በ1172 ደግሞ በካይሮ ገበያ ሚዛን በተበላሸ ጊዜ ሚዛኖቹን በማስተካከል ሥራ ላይ ተሳትፈዋል። በ1188 (እ.ኤ.አ. 1774) አረፉ።

ልጃቸው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) «ዐጃኢቡ-ል-አሣር» የተባለውን ትልቅ የግብፅ ታሪክ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1798 ፈረንሳዮች ግብፅን በወረሩ ጊዜ ያዩትን መዝግበዋል። ዛሬ የዚያን ዘመን ግብፅ የሚያጠና ሁሉ የእርሳቸውን ኪታብ ሳይከፍት አያልፍም። ስለ ጀበርት አገርና ስለ መጀመሪያው ተጓዥ አያታቸው የነገሩንም እርሳቸው ናቸው።

ልብ በሉ! መጀመሪያ የመጣው ሰው ከተማይቱን የማያውቅ እንግዳ ነበር። ከዘሩ አንዱ ለሌሎች የቂብላን አቅጣጫና የሰላትን ሰዓት የሚያሳይ ሆነ፤ አንዱ ደግሞ ለከተማይቱ ራሷ ታሪኳን ጻፈላት። በመካከሉ ያለው ነገር ምንድን ነው? ብልህነት ብቻ ነው እንዳንል፣ ብልህ ሆነው በመንገድ የቀሩ ስንት አሉ። ከአላህ ፈቃድ በኋላ፣ በመካከሉ ያለው ነገር እንግዳውን በስሙ የተቀበለ ቤት ነው።

የአገራችን ደረሳም ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። በወሎ፣ በጅማ፣ በሐረርና በጉራጌ ደረሳ ኪታቡን ይዞ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ ይሄዳል፤ ነሕዉን ከአንዱ፣ ፊቅሁን ከሌላው ይቀራል። የመንደሩ ሰው ያበላዋል፤ ሸይኹ ያሳድረዋል። ከወሎ ዑለማእ ሙፍቲ ዳውድ ባሕር ተሻግረው የመን ውስጥ ዘቢድ ድረስ ሄደው ተምረዋል። ዘቢድም በዘመኗ የደረሳ ከተማ ነበረችና እንግዳን መቀበል ታውቅበት ነበር። ይህ ሰንሰለት እስከ እኛ ዘመን ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2020 መካ ያረፉት ሸይኽ ሙሐመድ ዐሊ አደም፣ በሰሒሕ ሙስሊምና በሱነኑ-ን-ነሳኢ ላይ በጻፏቸው ትላልቅ ሸርሖች በዓለም ሲታወቁ፣ ስማቸው ላይ «አል-ኢትዩቢ» የሚለውን ይዘው ነው። ከዘይለዒ እስከ ኢትዩቢ ስሙ ተለወጠ፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።

የጣንጀሩ ወጣት

ብቸኝነት ምን እንደሆነ በግልጽ የነገረን ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ ነው። በሂጅራ 725 (እ.ኤ.አ. 1325) ከትውልድ ከተማው ከጣንጀር ለሐጅ ሲወጣ ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላ ወጣት ነበር። የወጣውም ጓደኛ ሳይኖረው ብቻውን ነው። መንገድ ላይ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተቀላቅሎ ቱኒስ ገባ። የከተማው ሰዎች ወጥተው የሚያውቋቸውን መንገደኞች አንድ በአንድ ሰላም አሉ። እርሱን ግን ማንም የሚያውቀው ስላልነበረ ሰላም ያለው አልነበረም። ወጣቱ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት አለቀሰ። ከተጓዦቹ አንዱ ይህን አይቶ ቀረበው፤ ሰላም አለው፤ ከተማ እስኪገባም ድረስ እያጫወተው ሄደ።

ውድ አንባቢያን! ይህ ወጣት በዚያች ሰዓት መንገድ አልጠፋበትም፤ ቱኒስ በፊቱ ናት። ቢሆንም ጠፍቷል። የመለሰው አንድ «አሰላሙ ዐለይኩም» ነው። በቀጣዩ ዓመት ደማስቆ ውስጥ በኡመዊይ መስጊድ ሰሒሕ አል-ቡኻሪን ሰማ፤ ኢጃዛም አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ ደግሞ የእኛው የባሕር በር ዘይላዕ ደርሷል። ያ ሁሉ ጉዞ በዚያች ሰላምታ ማጣት ቱኒስ ላይ ሊሰበር ይችል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. 1342 ገደማ፣ ይኸው ሰው ህንድ ውስጥ በወንበዴዎች እጅ ወድቆ አመለጠና ለቀናት ብቻውን በማያውቀው ምድር ተንከራተተ። ከአንድ ጉድጓድ ውሃ ለመቅዳት በሻሽ ያሰረው ጫማው ገብቶበት ቀረ። በዚያን ጊዜ አንድ መልከ ጥቁር ሰው ብቅ ብሎ ሰላም አለው፤ ማን እንደሆነም ጠየቀው። ኢብኑ በጡጣም እንደጠፋ ነገረው። ሰውየውም እርሱም እንደጠፋ መለሰለት። አጠጣው፤ አበላው፤ መራመድ ሲያቅተውም በጀርባው ተሸከመው። ሰው ሰውን የሚመልሰው ሁሉን መንገድ ስለሚያውቅ ላይሆን ይችላል። ቆሞ ስለጠየቀ ብቻም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መጥፋት

እስከ አሁን ስለ እግር መጥፋት ነበር የተናገርነው። ወላጆች የሚፈሩት ሁለተኛው ግን የልብ መጥፋት ነው። ለዚህ የኢማም አል-ገዛሊ ታሪክ ትምህርት ይሆነናል። ገዛሊ (450–505 ሂጅራ) ወጣት ሳሉ ጁርጃን ሄደው ተምረው ወደ አገራቸው ጡስ ሲመለሱ ወንበዴዎች ዘረፏቸው። እርሳቸውም የወንበዴዎቹን አለቃ ተከትለው፣ ለእነርሱ የማይጠቅም የጽሑፍ ማስታወሻቸውን ብቻ እንዲመልስላቸው ለመኑት፤ ለዚያ ጽሑፍ ብለው መሰደዳቸውን ነገሩት። አለቃው ሳቀባቸው። ስትዘረፍ የሚጠፋ ከሆነ እንዴት ዕውቀት አለኝ ትላለህ? የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። ማስታወሻውን ግን መለሰላቸው። ገዛሊም አላህ ይህን ያናገረው ለእኔ ምሪት ነው ብለው፣ አገራቸው ገብተው ሦስት ዓመት የተማሩትን በልባቸው እስኪይዙ ተቀመጡ።

ለባሕር ማዶ ተማሪ ይህ ትልቅ ምክር ነው። በሻንጣ የተያዘ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ሰላትን በሰዓቱ መስገድ፣ ሐላልና ሐራምን መለየት፣ እውነት መናገር፣ የወላጅን ሐቅ ማወቅ፣ እነዚህ በልብ ከተያዙ ወንበዴም ከተማም አይወስዳቸውም። ልጁ ከቤት ሳይወጣ በፊት የሚቋጠርለት ዋናው ስንቅ ይህ ነው።

የኢማም አሽ-ሻፊዒ እናትም ምሳሌ ናቸው። ሻፊዒ በሂጅራ 150 ጋዛ ውስጥ ተወለዱ፤ አባታቸው ቀድመው ሞተዋል። እናታቸው ልጁ ከዘመዶቹ ርቆ የዘር ሐረጉ እንዳይጠፋ ፈርተው በሁለት ዓመቱ ወደ መካ ወሰዱት። አድጎ ኢማም ማሊክ ዘንድ መዲና ለመማር ሲሄድም ሙወጧን በቃሉ ይዞና ከመካው ሹም ደብዳቤ አስጽፎ ነበር። ስንቁ በልቡ፣ ደብዳቤው በእጁ ነበር። ወላጅ ሁለቱንም ማሰብ አለበት።

ዛሬስ?

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ቀረ፤ ዛሬ ስልክ አለ፤ ስልኩ መንገዱን ያሳያል» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስልክ ትልቅ ጸጋ ነው። መንገድ ያሳያል። ነገር ግን ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልክ «ዛሬ ለምን ዝም አልክ? በላህ ወይ?» ብሎ በራሱ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በስልኩ ማዶ ያለ ሰው ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15፣ 2023) በረመዳን የመጨረሻ ዐሥር ቀናት ውስጥ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከብዙ አገር የመጡ ተማሪዎች በዚያች ከተማ ነበሩ። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ለዓመታት የአፍሪካ ሙስሊም ወጣቶችን ያስተማሩባት ከተማ በአንድ ጠዋት የተኩስ ሜዳ ሆነች። መብራት ጠፋ፤ ውሃ ተቋረጠ፤ መንገዱ ተዘጋ። በመተማ በኩል ወደ አገራችን የገባው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ተማሪ ከካርታ ይልቅ የሚያስፈልገው ማን ጋር እንደሚወጣ፣ ማን ስሙን መዝግቦ እንደያዘ፣ ማን እስኪደርስ እንደሚጠብቀው ማወቅ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለወላጆች ጥቂት ነገር ማለት እንወዳለን።

ልጃችሁ ወደሚሄድበት አገር ከመሄዱ በፊት፣ በዚያ ያሉ የአገራችን ተማሪዎችን ፈልጉ። አል-አዝሀር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለውጭ ተማሪዎች መዲነቱ-ል-ቡዑሥ የተባለ ትልቅ የመኖሪያ ቦታ አለው። መኖሪያው ግን ግድግዳ ነው፤ ሪዋቅ የሚያደርገው ሰው ነው። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኘውን አንድ ታላቅ ወንድም ወይም አንዲት ታላቅ እህት በስም እወቁ።

የመንገድ ደላላን በሪዋቅ ቦታ አታስቀምጡ። ደላላ ገንዘቡን እስኪቀበል ይጠይቃል፤ ከተቀበለ በኋላ አይጠይቅም። በቦሳሶና በየመን በኩል ባሕር የበላቸው ልጆች ነገር ሁላችንም የምናውቀው ሐዘን ነው። ለዒልም የሚሄድ ልጅ በሕጋዊ ወረቀት፣ በታወቀ ተቋም፣ በታወቀ መንገድ ይሂድ።

ልጁ አዲሱን ከተማ ማየት መፈለጉን አትንቀፉ። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ ያየውን አገር ግን ሰው በደንብ ማወቅ አለበት። በምድር ላይ ተጉዞ መመልከትን ቁርኣን ራሱ ያዘዘን ነገር ነው። ይልቅ ለሦስት ሆነው እንዲወጡ፣ ከመሐላቸው አንድ ኃላፊ እንዲኖር፣ የት እንደሚሄዱ ለአንድ ሰው ነግረው እንዲወጡ ምከሩ። ይህ ሱና ነው፤ ፈሪነት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ልጁ ስቶ ቢደውልላችሁ፣ ቦታውንም ቢሆን ነገሩን ቢስት፣ መጀመሪያ ስሙት። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ዩሻዕን እንዳልተቆጡት አስቡ። ብዙ ልጅ የሚጠፋው በሳተበት ቀን አይደለም። ስቻለሁ ለማለት በፈራበት ቀን ነው። ስድቡን ፈርቶ ዝም ያለ ልጅ ከፈለጉ ወደ ኋላ መመለሱን ትቶ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እየሄደም ይርቃል።

እዚህ ቡሹሎ የሚያድግ ልጅ የሐዋሳን ሐይቅ አይቶ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል። ካይሮ፣ መዲና፣ ኢስታንቡል ወይም ኩዋላ ላምፑር ሲደርስ ሐይቁ የለም። ስለዚህ ከአገሩ ሳይወጣ ሌሎች ምልክቶችን እንስጠው፤ ቂብላውን፣ ስሙን፣ የሚጠይቀው ሰው ስልክ ቁጥርና «ብትስትም ተመለስ» የሚል ቃል።

እኛም በየመስጊዳችን ከሌላ ክልል ወይም ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ አይጠፋም። ከሰላት በኋላ ጫማውን አድርጎ ብቻውን የሚወጣውን ወጣት እንየው። ቱኒስ ደጃፍ ላይ ያለቀሰው ልጅ ሰባት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላም በየመስጊዱ በር ላይ ይቆማል። ሰላም እንበለው። ቀርቶ ከሰነበተም «ምነው ጠፋህ?» እንበለው።

አላህ (ሱ.ወ.) ዒልም ፍለጋ የወጡ ልጆቻችንን በሄዱበት ይጠብቅልን። የጠፉትን ይመልስልን። የሚጠይቁ ጎረቤቶችና የሚቀበሉ ቤቶች ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።